ግድግዳውን የሚጠይቁት ግንበኛ

የጋሽ ደምሰውን ሞት የነገረኝ የጨው ነጋዴ ነው። ገበያ መካከል ጨው እየሰፈረልኝ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «ያ የማረፊያ ቤቱን ያቃጠለው ግንበኛ ዓለም ከተማ ላይ ሞተ አሉ» አለኝ። ጨዌን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ምንም ሳልመልስለት ሄድኩ። በእኚህ ሰው ጉዳይ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ።

ቤቱን ያቃጠሉት እሳቸው አይደሉም። ሰዎች እንደዚያ የሚሉት አንድ ቀን በሰው ፊት አንዲት ቃል ስለተናገሩ ነው። ያቺን ቃል የተናገሩት ለእኔ ሲሉ ነው። እኔም ቃሏ እውነት አለመሆኗን እያወቅኩ እንጀራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። የሰውየውን ሥራ በዓይኑ ያየ ሰው እያለቀ ነው፤ የሚያወራው ደግሞ ያላየው ነው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ገብቶ አገሩ ሁሉ ኮሚቴ በኮሚቴ የሆነበት ነው። የጓሳን የሣር ሜዳ ለማየት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚመጣው እንግዳ በዛና መንዝ ውስጥ በእኛ መንደር አፋፍ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። እኔ የቤቱ ጠባቂም ወጥ ሠሪም ነበርኩ፤ የምኖረውም ጓሮው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከባሌ ቤት ከወጣሁ በኋላ ሌላ መግቢያ አልነበረኝም። ለምን እንደወጣሁ የራሴ ጉዳይ ነው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር እንግዳወርቅ ይባላል። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሰዎች አንቱ ይሉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ አልለውም። አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚነድ ምድጃ አየና «የእኛም እንግዶች እንዲህ ካልሞቁ» ብሎ ተነሳ። በእኛ አገር እሳት የሚነደው ቤቱ መካከል ነው፤ ጭሱም በሣሩ ውስጥ እንደፈለገ ይወጣል። ግድግዳ ውስጥ ምድጃ መሥራት የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ ከመርሐቤቴ ጋሽ ደምሰው ተፈልገው መጡ።

ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አጭር ሰው ነበሩ። የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለኩበትን ቱንቢያቸውን እንደ አንገት መስቀል ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመት የሀብታም ቪላ ሲገነቡ ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። የመንደሩ ሰው ሊያያቸው ወጣ። «ከቆላ መጥቶ ለደገኛ እሳት ሊያስተምር?» ብሎ የሳቀው ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን እንደተከናነቡ «ለመሆኑ ብርድ የሚባል ነገር ታውቃለህ?» አሏቸው።

«አላውቅም አባቴ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «እሱን እናንተ ያዙልኝ። እኔ ከእሳቱ ጋር እነጋገራለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ግን ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ የእኔን ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ተውሰው ለበሱ። እስኪሄዱ ድረስም አልመለሱልኝም።

ሥራቸው የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ምድጃ ማለት ድንጋይ ደርድሮ ጭስ መውጫ ማቆም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ሠሩት። ውስጠኛው እሳቱን የሚችል የጡብ ግድግዳ ነው፤ ውጪኛው ወራጁንና ሣሩን የሚሸከም የድንጋይ ግድግዳ ነው። በሁለቱ መካከል አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተዉ።

«ጋሼ፣ ይችን ረሷት እንዴ?» አልኳቸው።

«የሠራሁት እሷን ነው እንጂ። ሌላው ማቀፊያዋ ነው።»

ከወለሉ አጠገብ ሁለት ቀዳዳ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ሌላ ሁለት ቀዳዳ አወጡ። ቀዝቃዛው አየር በታቹ ይገባል፤ በጡቡ ጀርባ እየሞቀ ይወጣል፤ ሙቀቱን ይዞ በላዩ ቀዳዳ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እሳቱ ሲበረታ አየሩም ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ውጪኛው ግድግዳ አይግልም፤ በላዩ የተጋደመው ወራጅም ከሥሩ እሳት እንዳለ ሳያውቅ ይኖራል። «አንቺ እሳት የሚበርደው በውሃ ብቻ ይመስልሻል» ይሉኝ ነበር። «አየርም፣ መንገዱን ካልዘጉበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያበርድ ይውላል። ደሞዝም አይጠይቅ።»

ሥራው አለቀ የተባለ ዕለት እንግዳወርቅ ሊያስመርቅ ሰው አስከትሎ መጣ።

«ገና ነው» አሉት ጋሽ ደምሰው።

«ምኑ ነው ገናው? አልቆ የለ?»

«ሠርተነዋል እንጂ መች ጠየቅነው?»

«ማንን?»

«ግድግዳውን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳወርቅ ግን ፊቱ ጠቆረ። በሃያ ዓመት የሚበልጡትን ሰው «አንተ፣ እኔ ሕዝብ ሰብስቤያለሁ እኮ!» አላቸው። እሳቸው እንዳልሰሙ ሆነው ጭድ ማርጠብ ጀመሩ።

ያን መጠየቅ የሚሉትን ነገር ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። መጀመሪያ እርጥብ ጭድ አነደዱና የጭስ መውጫውን አናት በረጠበ ጆንያ አስከደኑት። ጭሱ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳው የደበቀውን ስንጥቅ ሁሉ ተናዘዘ። እሳቸው በከሰል ምልክት እያደረጉ ዞሩ። ሦስት ቦታ ተገኘ። ሦስቱም ሰው የማያያቸው፣ ከጀርባ ያሉ ነበሩ፤ ሦስቱንም አፍርሰው እንደገና ሠሩ። ቀጥሎ ጧፍ ለኩሰው ከታችኛው ቀዳዳ ፊት ያዙ። ነበልባሉ ወደ ቀዳዳው አዘነበለ፤ አየሩ ይገባል ማለት ነው። ወደ ላይኛው ሲያስጠጉት ወደ ውጪ ገፋው።

ከዚያ የሞራው ፈተና መጣ። ባቄላ የሚያህሉ የበግ ሞራ ቁራጮች በውጪኛው ግድግዳ ላይ በረድፍ ለጠፉ፤ አንዷን ወራጁ ሥር አደረጓት። ከጠዋት እስከ ማታ አነደዱ። እንጨቱ ሲያልቅ ሌላ ይጨምራሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይህን ያህልስ ማንም አያነድም!» አልኳቸው።

«ጤነኛ ሰው የሚያነደውን ማንደድ መፈተን አይባልም። የሰከረ ሰው የሚያነደውን ነው የምንሞክረው።»

ሲመሽ ሄደን አየናቸው። ሞራዎቹ ነጭ እንደሆኑ ናቸው። አንዷንም አላላባትም።

የመጨረሻው የእጅ ፈተና ነው። የእሳቸው ጣቶች በኖራና በእሳት ብዛት ደንዝዘው ስለነበር ጉንጫቸውን ነበር ግድግዳው ላይ የሚያስጠጉት፤ የሰው ልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሐኪም ይመስላሉ። እኔን መዳፌን አስቀምጬ አቡነ ዘበሰማያት እንድደግም አደረጉኝ። «እስከ አሜን ድረስ እጅሽ ከቆየ ግድግዳው ደህና ነው። ሲሳየነ ላይ ስትደርሺ ከሸሸ እሳቱን አውጪ» አሉኝ። እኔ ቶሎ ልጨርስ ጸሎቱን ሳንበለብለው ጮኹብኝ፦ «ቀስ በይ! ግድግዳውን ነው ወይስ እግዜርን ነው የምታታልዪው?»

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት፣ ጆንያቸውን ተሸክመው፣ ወጥ እየሠራሁ ወደ ኩሽናዬ ብቅ አሉ።

«አስካለ፣ አራቱን ቀዳዳ እንዳትደፍኚ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ የምትይው እኔን ነው ድስቱን?»

«ሰማሁ አልኩ እኮ!»

«የፈለገ ብርድ ቢሆን። የፈለገ ሰው ቢያዝሽም።»

«እሺ አልኩ!»

ሌላ ማንም አልነበረም። እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

አሁን የእኛን አገር ሰው ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። መንዝ ላይ ቀዳዳ ጠላት ነው። ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነፋስ መፈለግ ነው። ያገኘችውን በበግ ጠጉር ትጠቀጥቀዋለች፣ በላዩ ጭቃ ትለስንበታለች። ያልደፈነች ሴት ሰነፍ ትባላለች። አራት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ እያየሁ መቀመጥ ለእኔ በረት ሳልዘጋ እንደማደር ነበር። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ጎረቤቶቼ ገና ከመቀመጣቸው «ምነው አስካለ፣ ይህን ምን ብለሽ ተውሽው? እጅሽን አሞሻል?» ይሉኛል። እኔም «የግንበኛው ሥራ ነው» እያልኩ እፍረቴን እውጣለሁ።

የውርጩ ወራት ገባ። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን እንግዳወርቅ ብቻውን መጥቶ ምድጃው ዳር ተቀመጠና ቁርጭምጭሚቱን ያዘ።

«ይህ ነፋስ ከየት ነው?»

«ከታችኛው ቀዳዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ድፈኚው። የላዩንም።»

«ጋሽ ደምሰው እንዳትነኪ ብለውኛል።»

«ደምሰው ነው ኮሚቴው ነው የሚያስተዳድርሽ? ነገ እንግዶቹ እግራቸውን ቢበርዳቸው አንቺን ነው የማባርረው።»

ደፈንኩት። ባሰብኩት ጊዜ ሁሉ ታዝዤ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ራሴ ያበጠርኩትን ጥቁር የበግ ጠጉር አራቱም ቀዳዳ ውስጥ ጠቅጥቄ ስጨርስ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቱ ገና ያን ጊዜ ቤት መሰለኝ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፣ ሞቁ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ ጓሳን ለማየት ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ ሞቆ እንዲጠብቃቸው እንጨት ጨምሬ ወደ ኩሽና ገባሁ። በግ ታርዶ ስለነበር ጎረቤቶቼ ጓሮ ሆነው ጭንቅላቱንና እግሩን ይለበልባሉ። የተቃጠለ ጠጉር ሸተተኝ። በግ በታረደበት ቤት የተቃጠለ ጠጉር ቢሸት ማን ልብ ይላል? ወጡን ሳማስል ቆየሁ። ሽታው አልጠፋ ሲለኝ በበሩ ብቅ ብዬ «እናንተ፣ ያን ጭንቅላት እስካሁን አልጨረሳችሁም?» አልኳቸው።

«ኧረ ከጨረስን ቆየን!»

ቀና ስል የሣር ክዳኑ ጥግ ይጨሳል።

ሰው ደረሰልን። ሣሩን በማጭድና በእጁ እየቦጨቀ ጣለው፤ ውሃ ያልደረሰበትን በጭቃ መታው። ሰው አልተጎዳም። የክዳኑ እኩሌታ ግን ሄደ፤ ወራጁም ከሥሩ ከስሎ ተገኘ። እንግዳወርቅ በዚያው ቀን ጠባቂዋ እሳት ለኩሳ ጥላው በመሄዷ ነው ብሎ ጻፈ። ግምገማ ተጠራ። ግምገማው እንዳለቀ ከጓሮዋ ክፍል ዕቃዬን ይዤ እንደምወጣ ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ወዴት እንደምወጣ ግን የነገረኝ የለም።

ጋሽ ደምሰው ወሬውን ሰምተው ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ከግምገማው በፊት በነበረው ቀን ደረሱና ሰላምታም ሳይሰጡኝ ወደ ምድጃው ሄዱ። ጣታቸውን ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሰደው ጥቁር ድቡልቡል ነገር አወጡ። የበግ ጠጉር እንደ ሣር ቦግ ብሎ አይነድም፤ ይከስላል፣ ይሸታል፣ መልኩን ይዞ ይቀራል። አሸተቱት። እኔን አዩኝ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ወጡ። እህል አልቀመስኩም ያን ቀን።

የዚያን ጊዜ ግምገማ ያላየ ሰው አይገባውም። አንዱ ይነሳና ሌላውን ይሂሳል፤ የተሂሰው ደግሞ ተነስቶ ጥፋቱን ያምናል፤ ሂሱን ዋጠ ይባላል። ሁልጊዜ የሚውጠው ከታች ያለው ነው። በዚያ ቀን ስብሰባው እዚያው ክዳኑ በተነሳው ክፍል ሆነ። ኮሚቴው፣ ሽማግሌዎች፣ የደብሩ አለቃም ነበሩ። እንግዳወርቅ ገና አፉን ሳይከፍት ጋሽ ደምሰው እጃቸውን አወጡ።

«ሰው ከመጠየቁ በፊት ግድግዳው ይጠየቅ።»

ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ። ከጠዋት ጀምሮ አነደዱ። አራቱ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ሞራው ተለጥፏል። ሰው ቁጭ ብሎ ሞራ ሲጠብቅ ዋለ። እስከ ምሳ ሞራው አልተነካም። ያን ጊዜ ከኪሳቸው ያን ጥቁር ነገር አወጡና «ይህ ከቀዳዳው የወጣ ነው» ብለው ለአለቃው ሰጡ። ከዚያም አራቱን ቀዳዳ በአዲስ ጠጉር ደፈኑ። ብዙም ሳይቆይ ሞራው ማብረቅረቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ አላበው፤ ከዚያ በግድግዳው ላይ ወረደ። ወራጁ ሥር ያለችው ጠብ አለች። አለቃው ተነስተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ትምጻእ መንግሥትከ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን መንጭቀው አነሱ። 

«እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ እንግዳወርቅ። «ማን ነው የደፈነው?»

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ። ያዘዙኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ማን ሰማ?» ዞር ዞር ብሎ ሰውን አየ። «የሰማ አለ?»

የሰማ የለም። ፈገግ ብሎ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረ። «ግንበኛው ይናገር። ቀዳዳው እንዳይደፈን ነግረሃታል ወይስ አልነገርካትም?»

ነግሬያታለሁ ካሉ አለቀልኝ። እሳቸው ደግሞ ሰው የማያየውን ስንጥቅ አፍርሰው የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ መልስ አልጠበቅኩም። ዓይኔ ጓሮው ባለው የክፍሌ በር ላይ ነበር።

«አልነገርኳትም» አሉ።

እንግዳወርቅ ሳይቀር ደነገጠ።

«ሂሱ የእኔ ነው» ቀጠሉ። «ቀዳዳ አውጥቼ ጥዬ ሄድኩ። እዚህ አገር ቀዳዳ እንደሚደፈን ማወቅ ነበረብኝ። እስቲ እናንተ፣ እውነቱን ተናገሩ። ይህን ሞራ ዛሬ ባታዩ ኖሮ ያንን ቀዳዳ የማይደፍን ማን ነበር?»

እጅ ያወጣ የለም። አለቃው የጋሉትን ጣቶች እያሹ «እኔም በጋቢዬ እደፍነው ነበር» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ጥፋቱ የግንበኛው ሆነ። ያፈረሰውን በራሱ ጉልበት ይሥራ ተባለ፤ ሊሰጣቸው ታስቦ የነበረው ሌላም ሥራ ቀረባቸው። እኔ ቦታዬ ላይ ቀረሁ።

ከስብሰባው ሲወጡ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ነግረውኛል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይናገራሉ?»

ቱንቢያቸውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ። «ግድግዳውን ሁለት ቀን ጠየቅኩት። አንቺን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ወጥ እያማሰልሽ። ከግድግዳው ጋር የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ቀዳዳውን በእጅሽ አስደፍኜ፣ ሞራው ሲወርድ አሳይቼሽ መሄድ ነበረብኝ። ያላሳየሁትን ነግሬያለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።» ወደ ክፍሌ በር አየት አደረጉና «ደግሞስ ከዚህ ወጥተሽ የት ትገቢያለሽ?» አሉኝ።

ጥያቸው ወደ ኩሽናዬ ገባሁ። ተናድጄባቸው ነበር። ሰው ውለታ ሲውልልኝ አልወድም፤ መሄጃ እንደሌለኝ ሲያውቅብኝ ደግሞ የባሰ አልወድም። በማግስቱ ምሳቸውን ከሌላው ሠራተኛ እኩል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ሰጠኋቸው። እሳቸው እንደ ወትሮው አመሰገኑኝ።

ሦስት ሳምንት ሠሩ። ላይኛውን ቀዳዳ ማንም በአንድ እፍኝ ጠጉር እንዳይዘጋው ረጅምና ጠባብ አድርገው አወጡት። በሰው ዓይን ልክ ደግሞ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ሠርተው አንድ ቁራጭ ሞራ አስቀመጡባት፤ ሞራዋ ማላብ ከጀመረች እሳቱ ይውጣ ብለው። «ሰው እንዳይሳሳት ማድረግ አልችልም» አሉ። «ሲሳሳት ቶሎ እንዲያውቀው ግን እችላለሁ።» በኋላ አንድ መነኩሴ እንግዳ፣ የጸሎት ቦታ መስሏቸው፣ ጧፍ ለኩሰው አቆሙበት። ሞራው ሲወርድ አይቼ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዤ ሮጬ ገባሁ፤ መነኩሴው ቆመው ይጸልያሉ። እሳቱን ሳይሆን እሳቸውን አጠመቅኳቸው። ይህን ለጋሽ ደምሰው ባወራላቸው ምንኛ በሳቁ። አልነገርኳቸውም።

ሲጨርሱ የመንደሩን ሰው በተራ በተራ ጠሩ። ጠጉሩን ለእያንዳንዱ በእጁ ሰጥተው አስደፈኑት፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አስደርገው አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙት። ያ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ቀዳዳውን ሊደፍን የሞከረ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ስለ ንጽሕናና ስለ ብርድ የሚነዘንዙኝ ጎረቤቶቼ እንኳ አሁን ለእንግዳ «ኧረ እዚያ ጋ ዕቃ እንዳታስቀምጥ!» ብለው ይቆጣሉ።

ቤቱ ቆመ፤ የእሳቸው ስም ግን አልቆመም። «የማረፊያ ቤቱን ያቃጠለው» ሆነው ቀሩ። በእኛ አገር ምድጃ ያሠራቸው ሰው አልነበረም፤ እዚያው መርሐቤቴ የድንጋይ አጥር ሲክቡ ኖሩ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ኮታቸው ክርኑ ላይ በጨርቅ ተጥፏል። «ግድግዳው እንዴት ነው?» ነው ያሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። «ደህና ነው» አልኩ። የዚያን ዕለት እናገራለሁ ብዬ ነበር። እንግዳወርቅ ገና ሊቀ መንበር ነው፤ ክፍሏም በእሱ እጅ ናት። ተውኩት። እሱ በዕድገት ወደ ዓለም ከተማ ከተዛወረ በኋላም ተውኩት። ያን ጊዜ እንኳ ምን እንደፈራሁ አላውቅም።

የጨው ነጋዴው በነገረኝ በማግስቱ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ በሚሄደው አውቶብስ ተሳፈርኩ። በሠልስቱ ደረስኩ። ባለቤታቸውን እትዬ ብርቄን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አልቅሼ፣ ማንነቴን ነግሬ፣ ጓዳ ጥግ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወራሁላቸው። 

«አውቃለሁ» አሉ። «ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ጊዜ ነግሮኛል።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል፣ እኔ የማውቀውን!» በአገጫቸው ወደ ድንኳኑ አመለከቱኝ። «የማያውቁት እዚያ ናቸው። እንግዳወርቅ እዚያ ቁጭ ብሎ ስለ እሳቱ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።»

ድንኳኑ በወንድ ተሞልቷል። እንግዳወርቅ ከፊት ተቀምጧል፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል። «ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ» ይላል ለጎኑ ላለው ሰው። «ያች የእሳቱ ስሕተት ባትኖር ኖሮ የት በደረሱ!» ስገባ ቀና ብሎ አየኝ። አውቆኛል።

«ይቀመጡ እናታችን» ብሎ አንዱ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አልቀመጥም። የማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ነበርኩ። ስለ እሳቱ የምናገረው አለኝ።»

«እትዬ አስካለ» አለ እንግዳወርቅ። ከአፉ እትዬ ሲወጣ ገና ያን ቀን ሰማሁ። «ለቅሶ ቤት ነው። ጊዜው አይደለም።»

ከኋላ የተቀመጡ፣ እጃቸው በኖራ የተሰነጣጠቀ አንድ ሽማግሌ፣ የእሳቸው ባልደረባ መሆን አለባቸው፣ «ተዋት፣ ትናገር» አሉ።

እትዬ ብርቄ መጥተው የድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። 

«ጋሽ ደምሰው አልነገርኳትም ያሉት ለእኔ ብለው ነው» አልኩ። «ነግረውኝ ነበር። በግልጽ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። እሺ ብዬ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ድፈኚ ያለኝ ይሄ፣ እንግዳወርቅ ነው።»